ጀሪካን የያዙ ጎብኚዎች

ወልድያ ውስጥ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ዳገቱ ሲጀምር፣ ሁለት ሰፋፊ ቀይ በሮች ያሉት የድንጋይ ቤት አለ። በጃንሆይ ዘመን የእሳት አደጋ ጣቢያ ሆኖ ተሠራ፤ በደርግ ጊዜ እህል ተከማቸበት፤ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆነ የጠየቀም አልነበረም። ጦርነቱ ከመድረሱ ጥቂት ዓመታት በፊት ግን "የእሳት አደጋ ታሪክ ሙዚየም" የሚል ታፔላ ተሰቀለበት።

ታፔላውን ያሰቀለው አቶ ዘውዱ ነው። ዘውዱ የታሪክ መምህር ነበር። ተማሪ ሲያንቀላፋበት ይናደዳል እንጂ ለምን እንደሚያንቀላፋ አስቦ አያውቅም። ሙዚየሙ ሲከፈት ኃላፊም፣ አስጎብኚም፣ አቧራ ጠራጊም እሱ ሆነ። ከእሱ በቀር ያለው ሠራተኛ ዘበኛው በላይ ብቻ ነው። በላይ ቀን የሚተኛው ሌሊት ስለሚጠብቅ ነው፤ ሌሊት የሚተኛው ደግሞ ቀኑን በር ላይ ተቀምጦ ስለሚደክመው ነው።

በሙዚየሙ ውስጥ የተሰነጠቀ ደወል፣ የዛጉ የብረት ቆቦች፣ በግድግዳው ላይ እንደ እባብ ተጠቅልሎ በምስማር የተመታ የሸራ ቱቦ ነበሩ። ዋናው ግን በመካከለኛው ክፍል፣ በቀይ ገመድ ታጥሮ የቆመው የእጅ ፓምፕ ነው። አራት የእንጨት መንኮራኩሮች፣ በመሐሉ የመዳብ ገንዳ፣ ግራና ቀኝ ረዣዥም እጀታዎች አሉት። ዘውዱ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ይወለውለዋል። ሚስቱ "ለእኔ እንዲህ ባለልኝ" ትል ነበር።

ጎብኚ ግን አልነበረም። የባህል መሥሪያ ቤቱ የቅርስ ክትትል ኃላፊ አቶ አብርሃም አንድ ቀን መጥቶ ክፍሎቹን ባዶአቸውን አየ።

"አቶ ዘውዱ፣ ጎብኚ የሌለው ሙዚየም መጋዘን ማለት ነው" አለው። "መጋዘን ደግሞ እኛም ቸግሮናል፤ ትርፍ ወንበሮች በዝናብ እየበሰበሱብን ነው። በዚህ ዓመት ጎብኚ ከመጣ መጣ። ካልመጣ፣ ወይም ከዚህ ዕቃ አንዷ ከቦታዋ ብትጠፋ፣ ቤቱ ለወንበሮቹ ይሰጣል።"

ዘውዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ወንበሮቹ በሕልሙ እየመጡ በፓምፑ ላይ ይደራረቡ ነበር።

ከወንበሮቹ በፊት ጦርነቱ ደረሰ። ታጣቂዎቹ በስተሰሜን ተቃረቡ የተባለ ዕለት የከተማው አዲሱ የእሳት አደጋ መኪና ፍራሽ፣ ፍሪጅና ሁለት ሦስት ኃላፊዎች ጭኖ፣ ሳይረኑን እያስጮኸ ወደ ደሴ ወረደ። አቶ አብርሃም ቱቦው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሕዝቡ የሆነ ቦታ እሳት የተነሣ መስሎት መንገድ ለቀቀ። በመንገዱ፣ ሲሪንቃ ከተማ ላይ ያዩት ሰዎች "እሳቱ መርሳ ነው" አሉ፤ መርሳ ያዩት ደግሞ "የለም፣ ውርጌሳ ነው" አሉ።

ዘውዱ አልሄደም። ፓምፑን ትቼ አልሄድም አለ። እርግጥ ና ያለውም አልነበረም።

ከተማው ተያዘ። መብራት ጠፋ፤ መብራት ሲጠፋ የቧንቧው ውሃም ቀረ። ነሐሴን ሰው የጣራ ውሃ እያጠራቀመ ከረመ። መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ግን በርሜሎቹ ነጠፉ። ያን ጊዜ ነው የሰፈሩ ሰው፣ ከእሳት አደጋ ጣቢያው ጓሮ ጥልቅ ጉድጓድ እንዳለ ያስታወሰው።

መጀመሪያ የመጣችው ረሂማ ናት። ረሂማ በርበሬና ቅመም ነጋዴ ናት፤ ምላሷም ከምትሸጠው አያንስም ይባልላታል። ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዛ ቀዩ በር ላይ ቆመች።

"እንደምን አደሩ ጋሽ ዘውዱ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ለጉብኝት ነው?" አላት ዘውዱ ተስፋ አድርጎ።

"ለውሃ ነው።"

"ውሃ የለም፤ ሙዚየም ነው።"

"ጉድጓዱ ከኋላ አለ አይደል እንዴ? እናቴ ስትቀዳ ነው የኖረችው፣ አላህ ይዘንላትና።"

"ጉድጓዱ ቅርስ ነው።"

"ውሃውስ?"

ዘውዱ አሰበ። ስለ ውሃው በመመሪያው ውስጥ የሰፈረ ነገር ትዝ አላለውም።

"ውሃውም... ከቅርሱ ጋር የተያያዘ ነው።"

"ወላሂ ጉድ ነው! ክረምት በመጣ ቁጥር የሚወለድ ቅርስ ዛሬ ገና አየሁ" ብላ ረሂማ ተመለሰች። የተመለሰችው ግን ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ ሼህ ሙሐመድዘይን ነበር።

ሼህ ሙሐመድዘይን የሰፈሩ ቅሬ፣ ማለትም የእድሩ፣ ዳኛ ናቸው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ስለሚቀባበር፣ የሞተ ሰው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ያልሞተውም ጠብ እሳቸው ዘንድ ይደርሳል። በማግስቱ ከዘራቸውን ይዘው፣ ረሂማንና የሰፈሩን ሴቶች ከኋላ አስከትለው መጡ።

"ልጄ ዘውዱ፣ አንተ የምትሻው ምንድን ነው?"

"ጎብኚ ነው፣ አባባ።"

"እናንተስ?"

"ውሃ!" አሉ ሴቶቹ።

"ታዲያ ጠቡ ምኑ ላይ ነው?"

ነገሩ በዚያው ተፈረደ። ወደ ጓሮው የሚያወጣው በር ያለው የሙዚየሙን ሦስት ክፍሎች አልፎ ነው። ስለዚህ ውሃ ፈላጊ ሁሉ በቡድን በቡድን ይገባል፤ ገለጻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማል፤ ከዚያ ይቀዳል። ዘውዱ "አንድ ቃል እንዳያልፋችሁ" አለ። ሼሁ "እሱ ይናገር፤ እናንተ ቅዱ። ንግግር ትከሻ አይቆርጥም" ብለው ዘጉት።

የመጀመሪያው ቡድን ጀሪካኑን እያንኳኳ ገባ። ዘውዱ ከራቫቱን አስተካክሎ፣ የመጠቆሚያ ዱላውን አንሥቶ፣ ከቀዩ ገመድ አጠገብ ቆመ።

"ይህ የምታዩት ፓምፕ በጃንሆይ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ ከአሰብ በካሚዮን ተጭኖ ወልድያ የገባ ነው።"

"አሚን!" አሉ ሴቶቹ።

ዘውዱ ደንገጥ አለ። ቀጠለ።

"ግራና ቀኝ አራት አራት ሰው ይይዘዋል። አንዱ ወገን ሲጫን ሌላው ይነሣል።"

"አሚን!"

"በሆዱ ውስጥ ያለው ቆዳ ሳይርስ ቢጫኑት አየር ይተፋል እንጂ ውሃ አይተፋም።"

"አሚን! ከዚህስ ይሰውረን!"

"ቆይ፣ ቆይ!" አለ ዘውዱ ዱላውን አውርዶ። "ይህ እኮ ዱዓ አይደለም፤ ገለጻ ነው። ገለጻ ጸጥ ተብሎ ነው የሚሰማ።"

"አይ ጋሽ ዘውዱ" አለች ረሂማ። "ሽማግሌ ቆሞ እየተናገረ እንደ ግድግዳ ዝም ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው። አሚን ያልተባለ ንግግር ደግሞ መሬት ነው የሚወድቀው።"

ሽማግሌ መባሉን አልወደደውም። ነገር ግን ካስተማረበት ዘመን ሁሉ አንድም ተማሪ እንዲህ መልሶለት ስለማያውቅ ሁለተኛ አልከለከላቸውም። በሳምንቱ ክርስቲያኖቹም አሜን ይሉ ጀመር። አሚኑና አሜኑ ተደባልቆ ቤቱን ያናውጠዋል። በላይ ብቻ ነው የተማረረው፤ እንቅልፉን አጥቷል።

በጉብኝቱ መጨረሻ ዘውዱ ሁልጊዜ "ስለ ቅርሱ አስተያየት ካላችሁ" ይላል። አስተያየት አያጡም። አንዷ "የባሊው ገመድ ይቀየር" ትላለች፤ ሌላዋ "ከደወሉ ወዲህ ያለው ጭቃ አዳለጠኝ" ትላለች። ዘውዱ ሁለቱንም በጥሞና ይሰማል።

አንድ ቀን ታጣቂዎች ለሥራ የሚሆን ዕቃ ፍለጋ ገቡ። መሪያቸው ፓምፑን ዞሮ አየውና "ሞተሩ የት ነው?" አለ።

"ሞተር የለውም። ሞተሩ ሰው ነው። በጃንሆይ ዘመን ከባሕር ማዶ..." ብሎ ዘውዱ ሲጀምር፣ ሰውየው እስከ አሰብ ድረስ ታግሦ ሰማ። ካሚዮኑ ላይ ሲደርስ ወጣ።

ከተማው እየከሳ ሄደ። ሽሮ ከወርቅ ተቆጠረ፤ ሻማ ተረሳ፤ ሰው በአጥሩ ላይ የጎረቤቱን ድምፅ እያዳመጠ መኖሩን ያረጋግጣል። ዘውዱ ግን ያምርበት ጀመር። በቀን የሚያስተናግደውን ጎብኚ ሌላው ሙዚየም በዓመት አያየውም። አብርሃም ሲመለስ የሚያቀርበውን ሪፖርት በልቡ እየጻፈ፣ "ኅብረተሰቡ ለቅርሱ ያለው ፍቅር በእጅጉ ጨምሯል" የሚለውን ሲደጋግም በመንገድ ላይ ብቻውን ፈገግ ይላል። መብራት ሊመጣ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ልቡ ድንግጥ ይላል፤ ቧንቧ ያለው ሰው አይጎበኝምና። ከዚያ በራሱ ያፍራል። ከዚያ ደግሞ "የማን ወሬ ነው? እውነት ነው?" ብሎ ይጠይቃል።

ኅዳር ገባ። አንድ ረፋድ ላይ፣ ጭድ ተራ ውስጥ ሻይ የምታፈላ ሴት የከሰል ምድጃዋን ፍየል ገለበጠባት። ጭዱ ደረቅ ነው፤ ነፋሱም አልራራም። ከጭድ ተራ ቀጥሎ ያለው እህል ተራ ነው። የሐብሩና የሐራ ገበሬዎች በሥርቆሽ መንገድ፣ በአህያ አሾልከው ያስገቡት ማሽላና ጤፍ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። እሱ ከተቃጠለ ከተማው የሚበላው የለም።

ያን ጊዜ ረሂማና ባልንጀሮቿ በመካከለኛው ክፍል ቆመው አሰብ ላይ ደርሰዋል። በላይ እየሮጠ ገባ። በላይ ሲሮጥ ታይቶ ስለማይታወቅ ሁሉም ከመስማታቸው በፊት ደነገጡ።

"እሳት! ጭድ ተራ! እህል ተራውን ሊይዘው ነው!"

ሴቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ፓምፑን አዩት። ዘውዱ እንዴት እንዳዩት አየ።

"አይነካም!" አለ፣ ቀዩን ገመድ በሁለት እጁ ይዞ።

"ጋሽ ዘውዱ፣ እህሉ እኮ ነው!"

"ባሊ አለ፤ ጀሪካን አለ! እኔ መች ውሃ ከለከልኩ? ይህ ግን ከቦታው ከተነቃነቀ ሙዚየሙ አበቃለት። ወንበር ነው የሚሞላበት! ወንበር!"

"የምን ወንበር ነው የሚያወራው?" አለች አንዷ።

በክፍቱ በር ጥቁር ጭስ ከገበያው ላይ ሲነሣ ይታያል። ረሂማ ጀሪካኖቿን አስቀመጠች፤ ጎንበስ ብላ በገመዱ ሥር አለፈች።

"ገለል በል አንተ ሰው!" አለችው። አንተ ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። "ኑ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ? ግራና ቀኝ አራት አራት ሰው!"

"አሚን!" ብለው ሴቶቹ እጀታውን ያዙ።

"ጫኑ!"

ጫኑ። ፓምፑ እንደ ታመመ በግ ሲጥ አለ፤ አየር ብቻ ተፋ።

"ውሃ አፍሱበትና እንደገና ጫኑ!" አለች ረሂማ። "ከዚያ ቱቦውን እንሰካለን፤ ከዚያ..."

"አይደለም!" ብሎ ዘውዱ ጮኸ። ፓምፑን ሲወስዱበት ምናልባት ችሎ ዝም ይል ነበር። ገለጻውን ሲያበላሹበት ግን አልቻለም። "ስንት ጊዜ ነው የተናገርኩት? መጀመሪያ ቆዳው! ቆዳው ሳይርስ ማን ፓምፕ ይጫናል? ምን ስትሰሙ ነው የከረማችሁት?"

"በየት በኩል ነው የሚርሰው?"

"ክዳኑ ይከፈታል! በግራ! ኧረ በግራ፣ ረሂማ፤ ያ ቀኝ ነው! ውሃውን ቀስ አድርጋችሁ... ቀስ! ይጠጣ፣ ቆዳው ይጠጣ! ቱቦው የት ነው? አይ፣ በጥርስሽ አትንቀዪው፤ ይቀደዳል!"

ቱቦውን ከነምስማሩ ከግድግዳው ላይ የገነጠለው ራሱ ነው። ምን እያደረገ እንደሆነ የገባው ፓምፑ ከቀዩ በር ወጥቶ፣ ሴቶቹ እየያዙት ቁልቁል ሲንደረደር፣ እሱም ዱላውን ይዞ ከፊት ከፊቱ "መንገድ! መንገድ!" እያለ ሲሮጥ ነበር።

ገበያው ውስጥ ወንዶቹ ጭዱን በመንሽ እየበተኑ እሳቱን ይበልጥ ያስፋፉታል። ሼህ ሙሐመድዘይን ከዘራቸውን አንሥተው ቅሬውን በሰልፍ አቆሙት፤ ከጉድጓዱ እስከ ፓምፑ ጀሪካን ከእጅ ወደ እጅ ይወርድ ጀመር። ገንዳው ሞላ። አራቱ ከግራ፣ አራቱ ከቀኝ ያዙ። ሁሉም ግን በየፊናቸው ይጫናሉ፤ እጀታው ይፋለሳል፤ ውሃው ይንጠባጠባል።

"ጋሽ ዘውዱ፣ ተናገር!" አለች ረሂማ።

"ምን ልናገር?"

"የምትናገረውን!"

ዘውዱ ገንዳው አጠገብ ቆሞ፣ በጭሱ እያሳለ፣ ጀመረ።

"ይህ የምታዩት ፓምፕ በጃንሆይ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ ከአሰብ በካሚዮን ተጭኖ..."

ግራዎቹ እስኪጨርስ ድረስ ተጭነው ጠበቁ።

"አሚን!" ብለው ቀኞቹ ተጫኑ። ውሃው አንዴ ተፈናጠረና ቆመ።

"አሳጥረው! በአላህ አሳጥረው!"

ዘውዱ ገለጻውን አሳጥሮ አያውቅም። አብርሃም እንኳን ሰዓቱን እያየ አሳጥር ሲለው እምቢ ብሏል። አሁን እህል ተራው ጫፍ ላይ ያለው ሸራ ሲጠቁር አየ።

"ጃንሆይ!" አለ።

"አሚን!"

"አሰብ!"

"አሚን!"

"ካሚዮን!"

"አሚን!"

ቱቦው ተወጠረ። ከምስማር ቀዳዳዎቹ ሁሉ ውሃ እንደ ወንፊት ፈነጠቀ፤ ሴቶቹ ሻሻቸውን እየፈቱ ቀዳዳዎቹን አሰሩ። በላይ አፈሙዙን ይዞ ተንበረከከ፤ ውሃው እህል ተራው ላይ ደረሰ። ዘውዱ የጃንሆይን ዘመን ጨርሶ ወደ ደርግ አለፈ፤ ከደርግ በኋላ የሚለው ሲያጣ እንደገና ከአሰብ ጀመረ።

ጭድ ተራው ሙሉ በሙሉ አመድ ሆነ። እህል ተራው ጫፉ ተለበለበ፤ እህሉ ግን ተረፈ። አመሻሽ ላይ ፓምፑን ዳገት አወጡት። አንዱ መንኮራኩር ተሰብሮ ስለነበር በትከሻ ነበር የተሸከሙት። ዘውዱ ጭቃ የሞላውን ወለልና ባዶውን ግድግዳ አይቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ረሂማ አጠገቡ መጥታ "ደክሞዎታል ጋሽ ዘውዱ" አለችው። አንቱታው ተመልሷል። በነጋታው ሴቶቹ እንደ ወትሮው ጀሪካናቸውን ይዘው ሲመጡ ገለጻውን በሙሉ ሰሙ፤ እሱም በሙሉ ተናገረ።

ታኅሣሥ ላይ ከተማው ነጻ ወጣ። አቶ አብርሃምም በፒክአፕ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተመለሰ። አዲሱ የእሳት አደጋ መኪና ከኋላ በሰንሰለት እየተጎተተ መጣ። ፍራሽና ፍሪጅ የለበትም፤ ባትሪም የለበትም።

ዘውዱ ሪፖርቱን ሊጀምር አፉን ሲከፍት አብርሃም አቀፈው።

"ሰምተናል! ሁሉንም ሰምተናል! ከላይ ድረስ ነው ወሬው የደረሰ። ፓምፑ ታሪክ ሠርቷል። ስለዚህ ተወስኗል፤ ወደ ክልሉ ከተማ ይሄዳል፣ በቋሚ ኤግዚቢሽን በመስታወት ውስጥ ይቀመጣል። ፒክአፑን ይዘን የመጣነው ለዚሁ ነው።"

"ሙዚየሙስ?"

"ሙዚየሙ በፎቶ ይቀጥላል። ፎቶ እንልክልሃለን፤ ትልቅ ፎቶ። ለአንተም የምስጋና ምስክር ወረቀት አለህ። ስምህ በላዩ አለ።"

ወሬው ወደ ሰፈር ከደረሰ ቆይቷል። ሴቶቹ ከጓሮው በር ላይ ተደርድረው ቆመዋል፤ ሼሁም ከዘራቸውን ተደግፈው ገብተዋል። ዘውዱ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው እንዲህ ያለ ቀን ነው። ከላይ ያሉት ሰምተዋል፤ ስሙ ተጽፏል። በመስኮቱ ግን የተጎተተውን መኪና አየ።

"እሳት ቢነሣስ?"

"መኪናው አለ።"

"ባትሪውስ?"

"በሂደት ላይ ነው።"

ዘውዱ እንደ መምህርነቱ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አቶ አብርሃም፣ ደንቡ አገልግሎት ላይ ያለ ንብረት ቅርስ ተብሎ አይመዘገብም ይላል። ተሳስቻለሁ?"

"አልተሳሳትክም። ምነው?"

"እንግዲያው ይህ ፓምፕ ቅርስ አይደለም። ሥራ ላይ ነው።"

"ሙዚየም ውስጥ ያለ ዕቃ እንዴት ሥራ ላይ ይሆናል?"

"ሙዚየም የለም" አለ ዘውዱ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ፊቱ ቀላ። "ይህ የእሳት አደጋ ጣቢያ ነው።"

አብርሃም ባልደረቦቹን አየ። "ልብ በል። ሙዚየም ከሌለ የሙዚየም ኃላፊ የሚባል መደብ የለም። ደመወዙም የለም።"

"ገብቶኛል።"

"እሺ፤ ጣቢያ ከሆነ ሠራተኞቹ የት አሉ?"

ዘውዱ ወደ ሴቶቹ አመለከተ። ጀሪካናቸውን መሬት አስቀምጠው ቀጥ ብለው ቆሙ።

"የጣቢያው ኃላፊስ?"

ዘውዱ ደረቱን ነፋ አድርጎ ወደፊት ሊራመድ ሲል ረሂማ ቀደመችው።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ማን ሾመሽ?"

"ቅሬው ነው የመረጣት" አሉ ሼህ ሙሐመድዘይን። እንዲህ ያለ ምርጫ መደረጉን ከእሳቸው በቀር የሰማ አልነበረም፤ ነገር ግን ማንም አልካደም።

አብርሃም ፒክአፑን ባዶውን መመለስ አልቻለም፤ ለነዳጁ ምክንያት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ታፔላውን አስነቀለ። ቀዩን ገመድ ጠቀለለ። የመጠቆሚያውን ዱላም ከዘውዱ እጅ በአክብሮት ተቀብሎ በጨርቅ አስጠቀለለው፣ "እነዚህ እንኳን በእርግጥ አገልግሎት ላይ አይደሉም" ብሎ። ሲሄዱ ታፔላው ከፒክአፑ ጀርባ ተኝቶ ወደ ሰማይ ይመለከት ነበር።

ሴቶቹ ውሃቸውን መቅዳት ጀመሩ። ዘውዱ እጆቹን የሚያደርግበት አጥቶ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ቀዩን በር ይገፋ ጀመር።

"ወዴት ነው ጋሽ ዘውዱ?" አለችው ረሂማ።

"ምሳ ሰዓት ነዋ።"

"እሳት አደጋ ይዘጋል እንዴ?"

ዘውዱ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። በሩን መልሶ ወለል አድርጎ ከፈተው፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠና በላይን ጠራው።

"በላይ፣ እስቲ ቤት ሂድና ምሳዬን እዚህ አምጣልኝ። ለሚስቴም ማታ እንዳትጠብቀኝ ንገራት።"